ጆሮ ዜማ ይይዛል፣ ስም ይጥላል

በ1919 (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ዳርዳኔላ» የተባለ የዳንስ ዘፈን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ዘፈኑን ተወዳጅ ያደረገው ዋናው ዜማ ብቻ አልነበረም። ከዜማው ሥር፣ በወፍራሙ ድምፅ በኩል፣ ስምንት ኖታ ያላት አጭር ሐረግ ሳታቋርጥ ትመላለሳለች። አድማጭ ወደ ቤቱ ይዟት የሚሄደው እሷን ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዝነኛው የዜማ ደራሲ ጄሮም ከርን ለብሮድዌይ መድረክ «ካሉዋ» የተባለ ዘፈን ጻፈ። ከላይ ያለው ዜማ ሌላ ነው፤ ከሥር የምትመላለሰው ሐረግ ግን ያችው የ«ዳርዳኔላ»ዋ ሆነች። የ«ዳርዳኔላ» አሳታሚ ከሰሰ።

ክርክሩ በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ ለዳኛ ለርንድ ሃንድ ቀረበ። ከርን ሆን ብዬ አልቀዳሁም አለ፤ ዳኛውም አመኑት። ስሙ የገነነ ደራሲ ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር በጠራራ ፀሐይ የሚወስድበት ምክንያት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ፈረዱበት። ከርን «ዳርዳኔላ»ን ደጋግሞ እንደ ሰማ የሚያጠራጥር አልነበረም፤ የሰማው ነገር አእምሮው ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ሲጽፍ የራሱ መስሎት በብዕሩ ወጣ። አለማወቁ ከተጠያቂነት አያድነውም ሲሉ ወሰኑ። ካሳው ግን ሕጉ የፈቀደው ዝቅተኛው መጠን፣ 250 ዶላር ብቻ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ሰው ሳያውቅም ሊቀዳ እንደሚችል ፍርድ ቤት ተቀበለ።

በ1939 ደግሞ ወደ የትኛውም ችሎት ሳይደርስ ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ሌላ ታሪክ በጆሃንስበርግ ተጀመረ። ሰሎሞን ሊንዳ የተባለ የዙሉ ድምፃዊ ከቡድኑ ጋር ወደ ጋሎ ሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ ገብቶ «ምቡቤ» የተባለ ዘፈን ቀረጸ፤ ትርጉሙ አንበሳ ነው። ጓደኞቹ ከሥር በወፍራም ድምፅ ሲያጅቡት እሱ ከላይ በቀጭኑ ይዘልቃል። ወደ ቀረጻው መጨረሻ ላይ አስቦ ያልመጣበት አንድ ዜማ ከአፉ ወጣ። ከጥቂት ኖታዎች የማታልፍ ናት፤ ግን ዓለም እስከ ዛሬ የሚያንጎራጉራት እሷን ነው። ሊንዳ መብቱን ለኩባንያው በ10 ሺሊንግ ሸጠ።

ሸክላው ባሕር ተሻግሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ፒት ሲገር ከተባለው የሕዝብ ዘፈን ድምፃዊ እጅ ገባ። የዙሉው ቃል ለሲገር ጆሮ «ዊሞዌ» ሆኖ ተሰማው፤ ቡድኑ ዊቨርስም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ስም ዘፈነው። በ1961 ቶከንስ የተባሉ የኒው ዮርክ ወጣቶች ስለሚያንቀላፋ አንበሳ አዲስ የእንግሊዝኛ ግጥም የተጻፈለትን አወጡና ዘፈኑ በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ሸክላው ላይ በደራሲነት የታተሙት የአሜሪካውያን ስሞች ናቸው። ሊንዳ በ1962 ዓለም የእሱን ዜማ እየዘፈነ በድህነት ሞተ። ጆሮ ዜማውን ይዞ ስሙን ጣለ የምለው ይህንን ነው። ከዚህ ወዲያ በምተርከው ሁሉ ውስጥ ይኸው ነገር ይመላለሳል።

ቶከንስን ልብ እንበላቸው። ከዘፋኝነት አልፈው ፕሮዲውሰሮችም አሳታሚዎችም ሆነው ነበር፤ ብራይት ቱንስ የተባለው የዜማ አሳታሚ ድርጅት የእነሱ ነው። ሊንዳ በሞተበት ዓመት ማብቂያ ላይ ሮኒ ማክ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ዘፈኖቹን ይዞ መጣላቸው። ማክ ከኒው ዮርኩ ብሮንክስ ሰፈር ልጃገረዶችን ሰብስቦ ዜማዎቹን ያስጠና ነበር። ቺፎንስ የተባሉት እነዚህ ልጆች በቶከንስ ፕሮዲውሰርነት የማክን «ሂዝ ሶ ፋይን» ቀረጹ። አንዲት ልጅ የወደደችውን፣ ገና የእሷ ያልሆነውን ወንድ ስታደንቅ የሚሰማበት፣ ከሁለት ደቂቃ እምብዛም የማይዘልቅ ዘፈን ነው። በመጋቢት 1963 መጨረሻ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ በዚያም ለሳምንታት ቆየ። ሮኒ ማክ ግን በካንሰር ታሞ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ፤ 23 ዓመቱ ነበር።

በዚያው መጋቢት ከአገሪቱ ማዶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቢች ቦይስ የተባሉት ሙዚቀኞች «ሰርፊን ዩ.ኤስ.ኤ.»ን አወጡ። ዜማው የቸክ ቤሪ የ1958 ሥራ «ስዊት ሊትል ሲክስቲን» ነው ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው ግጥሙ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ በደራሲነት የተጻፈው የቡድኑ አባል የብሪያን ዊልሰን ስም ብቻ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ መብቱ ለቤሪ አሳታሚ ተላለፈ፤ የቤሪም ስም ኋላ ላይ ገባ። እዚህ ላይ ማን ከማን እንደ ወሰደ ማንም አልተጠራጠረም። የሚከብደው ሰው ከማን እንደ ወሰደ ራሱም ሳያውቅ ሲቀር ነው።

«ሂዝ ሶ ፋይን» አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝም ገብቷል። ሰኔ 1 ቀን 1963 በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 12ኛ ላይ ነበር። በዚያኑ ዕለት አንደኛ የነበረው የቢትልስ ዘፈን ነው፤ ከአራቱ አንዱ፣ ጊታር ተጫዋቹ ጆርጅ ሃሪሰን፣ ያኔ 20 ዓመቱ ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ አንድ ዳኛ ይህችን ቀን ከነቁጥሯ በፍርዳቸው ላይ ያሰፍሯታል።

በታኅሣሥ 1969 ሃሪሰን ከቢትልስ ውጭ፣ ከዴላኒ እና ቦኒ ቡድን ጋር ለሙዚቃ ዝግጅት ኮፐንሃገን ነበር። ከጋዜጠኞች ስብሰባ ሾልኮ ወጥቶ ጊታሩን አነሳና ጥቂት ኮርዶች ሲነካካ፣ «ሃሌ ሉያ» እና «ሃሬ ክሪሽና» የሚሉት ቃላት አብረው መጡለት። የክርስቲያኖችንና የሂንዱዎችን ውዳሴ በአንድ ዜማ ማዋሐድ ፈለገ። በዚያው ዓመት ዓለምን ያዳረሰው የኤድዊን ሆኪንስ መዘምራን «ኦ ሃፒ ዴይ» መነሻ እንደ ሆነው ተናግሯል። አብረውት የነበሩትም አገዙት፤ በተለይ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ያደገው ቢሊ ፕሬስተን። መጀመሪያ የቀረጸውና ያወጣውም ፕሬስተን ነው፤ በመስከረም 1970። በኅዳር ሃሪሰን ራሱ በፊል ስፔክተር ፕሮዲውሰርነት «ማይ ስዊት ሎርድ» ብሎ በሦስት ሸክላ አልበሙ አወጣው።

ቢትልስ ከተበተኑ ብዙም ሳይቆይ፣ ከባልደረቦቹ ከሌኖንና ከማካርትኒ ጥላ ሥር የኖረው ሰው ከአራቱ ቀድሞ በአሜሪካም በእንግሊዝም አንደኛ ወጣ። ይህን ዘፈን የሰማ ሁሉ ጸሎቱ ከልብ መሆኑን አይስተውም። እኔም ዛሬ ድረስ ስሰማው አንድ ሰው አምላኩን ለማየት ሲጓጓ እሰማለሁ። ግን ገና ከመውጣቱ «ሂዝ ሶ ፋይን»ን የሚያስታውሱ ጆሮዎች ነቁ። በየካቲት 1971 ብራይት ቱንስ ሃሪሰንን ከሰሰ።

በዚያ ጊዜ የሃሪሰን ሥራ አስኪያጅ አለን ክላይን ነበር። እሱም ነገሩን በግዢ ለመጨረስ ከብራይት ቱንስ ጋር ተደራደረ፤ አልተስማሙም። ብራይት ቱንስ በዕዳ ተይዞ በአስተዳዳሪ እጅ ስለ ገባ ክሱ ለዓመታት ተንጠለጠለ። በ1973 ሃሪሰን ከክላይን ጋር ተለያየ፤ መለያየታቸውም በጠብ ነበር። በ1975 ቺፎንስ ራሳቸው «ማይ ስዊት ሎርድ»ን ዘፍነው አወጡት። እነዚያ የብሮንክስ ልጆች የሁለቱም ዘፈኖች ድምፅ ሆኑ። ሁለቱን ተከታትሎ የሰማ ዝምድናቸውን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ችሎቱ በየካቲት 1976 ኒው ዮርክ ውስጥ ተሰየመ። ዳኛው ሪቻርድ ኦወን ኦፔራ የሚደርሱ ሰው ነበሩ፤ ኖታ ያነብባሉ፣ ዜማ ያውቃሉ። ሃሪሰን ጊታሩን ይዞ ገብቶ ዘፈኑ እንዴት እንደ ተወለደ እየተጫወተ አስረዳ። ከሳሾች ኖታዎቹን በትልልቅ ሰሌዳ አቀረቡ።

ነገሩ ሁሉ በሁለት አጫጭር ሐረጎች ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ሶል–ሚ–ሬ ነው። ሁለተኛው ሶል–ላ–ዶ–ላ–ዶ። «ሂዝ ሶ ፋይን» ውስጥ መጀመሪያው አራት ጊዜ፣ ሁለተኛውም አራት ጊዜ ይመላለሳል። «ማይ ስዊት ሎርድ» ውስጥ መጀመሪያው አራት ጊዜ፣ ሁለተኛው ሦስት ጊዜ ይመጣና በአራተኛው ፋንታ በርዝመት የሚተካከል ማሸጋገሪያ ይገባል።

ክራር የሚቃኝ ወይም በትዝታ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሁለቱን ሐረጎች የሠሩት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው፤ ሙዚቀኞቻችን ትዝታ ሜጀር የሚሉት ቅኝት ድምፆች ናቸው። ኒው ዮርክ የተጣላችበት ዜማ ወሎ ላይ ባዕድ አይሆንም። እኛ ዘንድ ትዝታን ዘፋኝ ሁሉ በየግጥሙ ይዘፍነዋል፤ ዜማውን ከማን ወሰድክ ተብሎ የሚጠየቅ የለም፤ የሚመሰገነውም የሚወቀሰውም በአዘፋፈኑና በስንኙ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ ከሌላው ጨርሶ የማይገናኝ ዜማ መፍጠር ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ስለዚህ ለሃሪሰን ልቤ ያዝናል። ክሱ በእነዚያ ድምፆች ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ፍርዱን አልቀበለውም ነበር።

ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበር። ሶል–ላ–ዶ–ላ–ዶ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ «ሂዝ ሶ ፋይን» ውስጥ አንዲት የጌጥ ኖታ ሽው ትላለች። «ማይ ስዊት ሎርድ» ውስጥም ያችው ኖታ፣ በዚያው በሁለተኛው ዙር፣ በዚያው ቦታ ላይ አለች። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ መንገድ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ በተመሳሳይ ጠጠር ላይ መደናቀፋቸው ግን አጋጣሚ አይመስልም። ሃሪሰንና ባለሙያዎቹ ለዚህ በቂ ማብራሪያ አላገኙም።

ዳኛ ኦወን ነሐሴ 31 ቀን 1976 ፍርድ ሰጡ። ሃሪሰን ሆን ብሎ ሰርቋል ብለው እንደማያምኑ ጻፉ። ኮፐንሃገን ውስጥ ድምፆቹን ሲያገጣጥም አንዱ ውሕደት ደስ ያሰኘው፣ አድማጭንም ደስ እንደሚያሰኝ የተሰማው፣ ንቁ አእምሮው የማያስታውሰውን ውስጡ ቀድሞ ያውቀው ስለ ነበር ነው አሉ። ዜማው ግን አንድ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ባለማወቅ የተደረገውንም መቅዳት መቅዳት ይለዋል። ሃንድ በ1924 የከፈቱት በር ሰፋ ብሎ ተከፈተ። ሃሪሰን በዚያው ዓመት ስለ ችሎቱ የሚናገር ዘፈን ቢያወጣም፣ ዜማ ለመጻፍ በተቀመጠ ቁጥር ፍርሃት እንደሚይዘው በኋላ ተናግሯል። ፍርዱን ትክክል ነው ብዬ እቀበለዋለሁ፤ ይህ ፍርሃት ግን ያሳዝነኛል፤ አእምሮውን ሲጠራጠር የሚኖር ዘፋኝ እንዴት ይዘፍናል?

ከዚያ ወዲያ ያለው የገንዘብ ታሪክ ነው። ዳኛው ዘፈኑ ያስገኘውን ገቢ 2,133,316 ዶላር አድርገው አሰሉ፤ ከዚህ ሦስት አራተኛው፣ 1,599,987 ዶላር፣ ከተቀዳው ዜማ የመጣ ነው አሉ። በመካከሉ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በ1978 አለን ክላይን፣ ያው የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፣ ክሱን ራሱን ከብራይት ቱንስ በ587,000 ዶላር ገዛው። ለሃሪሰን ሲደራደር የኖረ ሰው አሁን የሃሪሰን ከሳሽ ሆነ። ከመግዛቱም በፊት ስለ ዘፈኑ ገቢ ለብራይት ቱንስ መረጃ ሲሰጥ እንደ ነበር ችሎቱ ደረሰበት። ዳኛ ኦወን በ1981 ክላይን በዚህ እንዳያተርፍ ወሰኑ፤ ሃሪሰን የሚከፍለው ክላይን የገዛበትን 587,000 ዶላርና ወለዱን ብቻ ይሁን አሉ። በ1983 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህንን አጸና፤ ባለማወቅ ስለ መቅዳት ሲጽፍም የ«ዳርዳኔላ»ን ክርክር ጠቀሰ።

በዚህ ሁሉ ዓመት የተሟገቱት አንድ አሳታሚ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅና አንድ ሀብታም ሙዚቀኛ ናቸው። ያችን የጌጥ ኖታ ዜማው ላይ ያስቀመጠው ሮኒ ማክ ግን ከሞተ 20 ዓመት ሆኖት ነበር። የእሱን ዜማ የእኔ ነው ብሎ የከሰሰው ድርጅት ባለቤቶች ደግሞ በሰሎሞን ሊንዳ ዜማ የታወቁት ቶከንስ ነበሩ። ይህን ያወቅሁ ጊዜ ከፍርዱ ይልቅ ይህ አሳመመኝ።

በ1980ዎቹ ሙዚቀኛው ጆን ፎገርቲ ራሱን ቀድተሃል ተብሎ ተከሰሰ። የ1970 ዘፈኑ መብት የሸክላ ኩባንያው ነበር፤ በ1985 ያወጣውን «ዘ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ» ኩባንያው ያንኑ ነው አለ። ፎገርቲ በ1988 ሳን ፍራንሲስኮ ችሎት ውስጥ ጊታር ይዞ ተቀመጠ፤ የአንድ ሰው እጅ በሁለት ዘፈን ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ የማይቀር መሆኑን ለጁሪው በመጫወት አሳየ፤ ረታም።

ዘፋኙ ማይክል ቦልተን እንደዚያ አልቀናውም። የ1991 ዘፈኑ «ላቭ ኢዝ ኤ ዎንደርፉል ቲንግ» ከአይስሊ ወንድማማቾች የ1966 ዘፈን ጋር አንድ ርዕስ ነበረው። ጁሪው በ1994 ፈረደበት፤ ካሳው 5.4 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ይግባኙም በ2000 ውድቅ ሆነ። እዚህ ላይ ከፍርዱ እለያለሁ። የሃሪሰን ክስ ማንም ሳይሰማው ሊያልፍ በማይችል፣ አንደኛ በወጣ ዘፈን ላይ የቆመ ነው። የአይስሊዎቹ ዘፈን ግን ሲወጣ ያን ያህል አልተሰማም፤ ቦልተን ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በልጅነቱ በሬዲዮ ሰምቶት ይሆናል የሚለው ግምት በቂ ሆኖ ተወሰደ። በዚህ ሚዛን ሬዲዮ የሰማ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው።

በዚያው 2000 ደቡብ አፍሪካዊው ጋዜጠኛ ሪያን ማላን የሰሎሞን ሊንዳን ታሪክ በአሜሪካው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት አወጣ። ጠበቆች የ1911ን የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ ሲያገላብጡ፣ ደራሲው በሞተ በ25 ዓመት መብቱ ወደ ወራሾቹ እንደሚመለስ የሚደነግግ አንቀጽ አገኙ። ሊንዳ የሞተው በ1962 ስለ ነበር መብቱ ከ1987 ጀምሮ የልጆቹ ነው ማለት ነው። በ2004 «ዘ ላየን ኪንግ» ፊልም ውስጥ ዜማውን ስለ ተጠቀመ ዲዝኒ ፕሪቶሪያ ውስጥ ተከሰሰ። በ2006 በዕርቅ አለቀ፤ የሊንዳም ስም በደራሲነት እንዲገባ ተስማሙ። ከቀረጻው 67 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በ2015 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተሰጠው ፍርድ ሙዚቀኞችን ክፉኛ አስደነገጠ። ሮቢን ቲክና ፋሬል ዊሊያምስ በ2013 ባወጡት «ብለርድ ላይንስ» የማርቪን ጌይን የ1977 ዘፈን «ጎት ቱ ጊቭ ኢት አፕ» ቀድተዋል ተባሉ፤ ጁሪው ወደ 7.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ ዳኛው ወደ 5.3 ሚሊዮን አወረዱት። በሁለቱ መካከል እንደ ሃሪሰን ያለ ኖታ በኖታ የሚገጥም ዜማ አልነበረም። የሚመሳሰለው ምቱ፣ የቤዙ አካሄድና የጭፈራ ቤቱ ድባብ ነው። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ አጸናው፤ ዳኛ ጃክሊን ንጉየን ግን የሙዚቃ ስልት በባለቤትነት እንዳይያዝ አስጠንቅቀው ተቃወሙ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ስልት የአንድ ሰው ርስት ከሆነ ቀጣዩ ትውልድ መነሻ ያጣል።

ከዚያ በኋላ ማዕበሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። በ2020 የሌድ ዜፔሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» የስፒሪት ቡድንን የ1968 ሥራ አልቀዳም የሚለው ፍርድ በሰፊው የይግባኝ ችሎት ጸና፤ በደረጃ የሚወርዱ ኖታዎች ከጥንት የመጡ የጋራ ንብረት ናቸው ተባለ። በዚሁ ሰሞን ጠበቃው ዴሚየን ሪልና ፕሮግራመሩ ኖዋ ሩቢን በስምንት ድምፅና በአሥራ ሁለት ቦታ ሊገኙ የሚችሉትን ዜማዎች በሙሉ በኮምፒውተር አመንጭተው ለሕዝብ ለቀቁ፤ ከ68 ቢሊዮን በላይ ናቸው። በግንቦት 2023 ኤድ ሺራን ማንሃተን ችሎት ውስጥ ጊታር አንስቶ፣ አራቱ ኮርዶች ስንት ዘፈን እንደሚሸከሙ እየዘፈነ አሳየ፤ ጁሪው ከማርቪን ጌይ «ሌትስ ጌት ኢት ኦን» አልቀዳም አለ። በ2024 በተመሳሳይ ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያሉ የጋራ መሣሪያዎች ለማንም በብቸኝነት ሊሰጡ እንደማይገባ አጸና።

የ1924ቱም የ1976ቱም ውሳኔ ግን አልተሻሩም። ኒው ዮርክ ውስጥ ዛሬ ጊታሩን ይዞ የሚቀመጥ ወጣት፣ ዜማው ከማን እንደ መጣ ባያስታውስም፣ ባለቤቱ መጥቶ ካስረዳ በሕጉ ፊት እንደ ቀዳ ይቆጠራል።